ሁለት ወንበር ወደ ኋላ

እህቴ ውሃ መጠጣት ያቆመችው ሰውን ፈርታ ነው። ሦስት ቀን አምጣ የሞተ ልጅ ከወለደች በኋላ ሽንቷን መቋጠር አቃታት። ካልጠጣሁ አይፈስም ብላ አሰበች። ከንፈሯ እስኪሰነጣጠቅ ተጠማች፤ ሽንቷ ግን መፍሰሱን አልተወም፣ ሽታውም ባሰበት። ባሏ ለወላጆቻችን መልሶ ላካት። እነሱም ከደባርቅ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሚሆነው ቤታችን ጓዳ ውስጥ መደብ ሠሩላት። እንግዳ ሲመጣ የጓዳው በር ይዘጋል።

እኔ ታላቋ ነኝ፣ ጎንደር ከተማ አስተምራለሁ። ይህን በቀዶ ጥገና የሚያድን ሐኪም እዚያው ከተማችን እንዳለ አውቅ ስለነበር እሷን ማምጣት የእኔ ፋንታ ሆነ።

የመጀመሪያው ቀን አውቶብስ ስንሳፈር የአንድ ተማሪዬ እናት ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። «ነይ መምህርት» ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። እህቴን ከፊት አስቀምጬ እኔ ሁለት ወንበር ወደ ኋላ፣ ከሴትዮዋ ጎን ተቀመጥሁ። እምቢ ብላት ትቀየመኛለች አልሁ ለራሴ። ይሉኝታዬ እንዲህ ጨዋ ነው፤ ሁልጊዜ ሰው ላለማስቀየም ብሎ ነው የሚጀምረው።

ዳባት ሳንደርስ ሽታው አውቶብሱን ሞላው። እኛ ደግሞ ንፋስ ይመታናል ብለን መስኮት የማንከፍት ሰዎች ነን፤ ታፍነን እንሄዳለን እንጂ። ሰው ነጠላውን አፍንጫው ላይ አደረገ፣ ማጉረምረም ጀመረ። ረዳቱ መጥቶ እህቴ ራስ ላይ ቆመና «ከማን ጋር ነሽ?» አላት።

አጠገቤ ያለችው ሴት «ምስኪን፣ ዘመድ የላትም እንዴ?» አለችኝ።

«እንጃ» አልሁ።

እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። ብዙም አላየችኝም። ከዚያ ወደ ረዳቱ ተመልሳ «ብቻዬን ነኝ» አለችው። ዳባት ላይ አወረዷት። አውቶብሱ ሲነሣ ጥቅልሏን ይዛ መንገዱ ዳር ቆማ ነበር፤ ቀና ብላ ወደ እኔ መስኮት አላየችም። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ሆዴን አመመኝ ብዬ ወረድሁ። እዚያ እንኳ እውነቱን ለመናገር አፌ አልፈታም። ወደ ዳባት ብመለስ የለችም፤ እህል የጫነ መኪና ላይ ወጥታ ወደ ቤት ተመልሳለች። ለወላጆቻችን «ሐኪሙ የለም ተብሎ መንገድ ላይ ተደወለልን» ብላ ዋሽታልኛለች።

ከዚያ በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። በተከፈተ ቁጥር ስደውልላት «ተይው እታለም፣ አንቺን ላሳፍርሽ አልሻም» ትለኛለች። ስልኩን እዘጋና ክፍል ገብቼ ስለ ሥነ ምግባር አስተምራለሁ። ራሴን የጠላሁት ያን ጊዜ ነው። እንዲህ ሰባት ወር አለፈ። በመጨረሻ እናቴ ደውላ «መነሣት አቅቷታል፣ ድረሽላት» አለችኝ።

ከመደቡ ሳነሣት እንደ ባዶ እንስራ ቀለለችኝ። ዳግመኛ በዚያው መንገድ ተሳፈርን። አሁን ጎን ለጎን ነን፣ እኔ በመስኮቱ በኩል። ዳባትን እንዳለፍን ሽታው መጣ፣ ነጠላዎቹም ወደ አፍንጫ ወጡ። መስኮቱን ከፈትሁት።

ከኋላችን ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ «ዝጊው እንጂ ልጄ፣ ይህ ብርድ ሊገድለን ነው?» አሉ።

ሰባት ወር ስለማመደው የኖርሁት ንግግር ከአፌ ጠፋ። ተነሥቼ ቆምሁ።

«አያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ክፍት ይቆይ። የሚሸተው ከእህቴ ነው። ወልዳ ነው እንዲህ የሆነችው። ሐኪም ቤት እየወሰድኋት ነው። የሚያወርዳት ካለ ሁለታችንንም ያውርደን።»

እህቴ ቀሚሴን ይዛ ወደ ታች ጎተተችኝ። «ቁጭ በይ፣ ሰው ያይሻል» አለችኝ በሹክሹክታ። ድምጿ ውስጥ የነበረው ፍርሃት የእኔው ፍርሃት ነበር፤ ያስተማርኋት እኔ ነኝ።

አንዲት ሴት ተነሥታ ወደ ኋላ ሄደች። ረዳቱ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው «ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪን» አሉ። እሳቸው ስለ ሩብ ሰዓት ነው የሚያወሩት። እኔ ሰባቱን ወር ሰማሁ። መስኮቱ ተከፍቶ ቀረ፣ ሰዉም ወደ ወሬው ተመለሰ። ያ ሁሉ የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር፤ እህቴን መንገድ ላይ የጣልኋት ለዚህ ነበር። መጮህ አማረኝ፣ ግን ማን ላይ እንደምጮህ አጣሁ።

ወለቃን ስናልፍ የውሃውን ጠርሙስ አቀበልኋት። ከንፈሯን ብቻ አርጥባ መለሰችልኝ።

ሐኪም ቤቱ ግቢ ስንገባ ሰልፉ ረጅም ነበር። ከውሃ ጥሙ የተነሣ ኩላሊቷ ምን ያህል እንደተጎዳ ገና አላወቅንም። ተራችን ደርሶ መዝጋቢዋ ፊት ስንቆም የእህቴ ጥቅልል ትከሻዬ ላይ ነበር፣ እጇም በእጄ።

መዝጋቢዋ ቀና ሳትል «አስታማሚ አለሽ?» አለቻት።

«ብቻዬን ነኝ» አለች እህቴ።

«አለሁ እኮ» አልሁ፣ እጇን ጠበቅ አድርጌ።

ደንገጥ ብላ አየችኝ። «ይቅር በይኝ እታለም» አለችኝ። «ለምዶብኝ ነው።»