የቀኝ ጎረቤት

የሰፈሩ ሰው ባለደጋኑ ይለዋል። ሥራው ፍራሽ ማደስ ነው። ያረጀ የጥጥ ፍራሽ ይቀበላል፣ የሽፋኑን ስፌት ይተረትራል፣ በሰው ክብደት ተጋግሮ እንደ ጣውላ የደረቀውን ጥጥ ጎትቶ ያወጣና ፀሐይ ላይ ይበትነዋል። ከዚያ ቁመቱን የሚያህለውን ደጋን አንስቶ ጅማቱን በእንጨት መዶሻ እየመታ ጥጡን ይነድፋል። ድው፣ ድው የሚለው ድምፅ ከቦዩ ማዶ ድረስ ይሰማል። ከቦዩ ወዲህ ካሉት አርባ ሦስት ቤቶች፣ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ፍራሹን ያልፈታለት አንድም ቤት የለም።

ፍራሽ ብዙ ነገር ይናገራል። መሐሉ ብቻ የጎደጎደ የብቸኛ ሰው ነው። ሁለት ጉድጓድ ያለው የባልና ሚስት ነው፤ በሁለቱ መካከል ጉብታ ከተነሣ ደግሞ ኩርፊያ ከርሟል ማለት ነው። እግርጌውና ራስጌው እኩል ያለቀ እንደሆነ ልጆች እግርና ራስ ሆነው ይተኙበታል። በቆጠራ ጊዜ «ሦስት ነን» ያለው ቤት ውስጥ ስድስት ሰው እንደሚያድር ባለደጋኑ ያውቃል፤ ግን ትንፍሽ አይልም። «ደጋንህ ቢሰበር ሌላ ታበጃለህ» ይላል። «አፍህ አንዴ ካመለጠህ ግን ፍራሹን የሚሰጥህ የለም።»

የሚሠራው በሰፈሩ መሐል ባለው ሜዳ ላይ ነው። ሜዳ ይባል እንጂ ከቤቶቹና ዳር ላይ ካለው መጋዘን የተረፈ፣ ርዝመቱ ሠላሳ እርምጃ የማይሞላ ባዶ መሬት ነው። የራሱ ቤት አንዲት ክፍል ናት፤ አንድ ፍራሽ ቢፈታባት በሯ አይከፈትም። ሜዳው ከሌለ ሥራ የለም። ሥራው ከሌለ ደግሞ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ እጁ የሚያውቀው ሌላ ነገር የለም።

ከተማው ሰፈሩን አፍርሶ እዚያው ቦታ ላይ ባለአራት ፎቅ ቤቶች ሊሠራ ወሰነ። ፕላኑን እንድታወጣ የተላከችው ወጣት ሴት ነበረች። በመጀመሪያው ቀን «አርክቴክት ነኝ» ብላ ራሷን አስተዋወቀች። «እሺ ኢንጂነር» አሏት፤ ስሟም በዚያው ጸና። ነዋሪው ያልመከረበትን ቤት አልሠራም ብላ ከአለቆቿ ጋር የተሟገተች ልጅ ናት። የካርቶን ሞዴል ሠርታ በመሰብሰቢያው አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና እያንዳንዱን ቤተሰብ በተራ እየጠራች «እንዴት ነው? ምን ይቀየር?» ብላ ጠየቀች።

አርባ ሦስቱም «በጣም ጥሩ ነው» አሉ። አንዳንዶቹ «እጅሽ ይባረክ» ጨመሩበት። አራተኛ ፎቅ የደረሳቸው ባለምርኩዙ ሽማግሌ እንኳ «ከላይ ሆኖ አገር እንደ ማየት ያለ ምን አለ!» ብለው ወጡ።

ባለደጋኑም ተራው ደርሶ ካርቶኑን አየ። ቤቶቹ እንደ ክብሪት ሣጥን ተደርድረዋል። በሜዳው ቦታ አረንጓዴ ጨርቅ ተለጥፎ ከስፖንጅ የተቆረጡ ሦስት ዛፎች ቆመውበታል፤ ጥግ ላይ የውሃ ታንከር አለ። ጣቱን በአረንጓዴው ላይ ቀስ እያለ አስኬደ። ከዛፍ ወደ ዛፍ፣ ከዛፍ ወደ ታንከሩ። አንድ ፍራሽ የሚዘረጋበት ቦታ አልተገኘም።

«እንዴት ነው ጋሼ?» አለችው።

«በጣም ያምራል፣ ልጄ» አለና ወጣ።

በማግስቱ ጥጥ ሲነድፍ አርክቴክቷ መጥታ ፊቱ ቆመች። ወንበር ስላልነበረ በጥጥ በታጨቀ ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። አርባ ሦስት ቤት ጠይቄ አርባ ሦስት "ጥሩ ነው" አገኘሁ። እኔ ደግሞ ያን ያህል ጎበዝ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ።»

ባለደጋኑ ሳቀ። «እንግዳ ነሻ።»

«ስድስት ወር ሙሉ?»

«ስድስት ወር ምን አላት? ሰው ደክሞ የሠራውን ይዞ ሲመጣ አይረባም ይባላል እንዴ? በፀሐይ ስትንከራተቺ ዓይናችን እያየ! ደግሞስ "ይሄ ይጎድለዋል" ያለ ሰው ከዝርዝሩ ቢሰረዝ ማን ይጠይቅለታል?»

«ማንም አይሰረዝም።»

«አንቺ ታውቂያለሽ። እኛ አናውቅም።»

 ባለደጋኑ ጅማቱን ሁለት ሦስት ጊዜ መታ። ጥያቄዋ ግን እሱንም ያሳስበው ጀመር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው የሚደብቀውን ሲያይ የኖረ ሰው፣ የተደበቀው እንዴት እንደሚወጣ አስቦ አያውቅም ነበር። መዶሻውን አስቀመጠ።

«ሰው የራሱን ችግር አይናገርም» አለ ቀስ ብሎ። «የጎረቤቱን ግን ቢከለክሉትም አይተው። ስለራሱ አትጠይቂው። "ጎረቤትህ አዲሱ ቤት ሲገባ ምን ይቸግረዋል?" በይው።»

ማስታወሻዋን ያወጣችው ወዲያው ነው። ማንም ጠበኛውን መርጦ እንዳይወርድበት፣ ሁሉም ስለ ቀኝ ጎረቤቱ ብቻ እንዲጠየቅ ተስማሙ፤ ከበሩ ሲወጣ በቀኙ ስላለው ቤት። የሚጻፈውም የቤት ቁጥር እንጂ ስም አይሆንም። ፕላኑ ለኮሚቴው የሚቀርበው በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አንድ መስመር እንኳ አይነቃነቅም። ባለደጋኑ አብሯት ሊዞር እሺ ያለበትን ምክንያት ለራሱም አጥርቶ አልነገረውም። ማን ያውቃል፣ ከዚያ ሁሉ ቤት አንዱ ስለ ሜዳው ያነሣ ይሆናል።

ዘዴው ሠራ። ሻይ የምትሸጠዋ ሴትዮ በሯ ላይ ቆማ «ለእኔ ምንም አይጎድለውም» ብላ ጀመረች። «የማዝነው ለጎረቤቴ ነው። ባሏ የማታ ዘበኛ ነው፤ የሚተኛው ቀን ነው። መኝታ ቤታቸውን ደግሞ በልጆች መጫወቻው በኩል አድርጋችሁታል። ያ ሰውዬ በሁለት ሳምንት ያብዳል።»

የዘበኛው ሚስት በበኩሏ «እኛማ ምን ጎደለን!» አለች። «ይልቅ እኒህ ባለምርኩዙ አባባ። የአዳራሹን ሦስት ደረጃ ሲወጡ ሁለቴ ነው ያረፉት። ላንቺ ብለው ነው እንጂ አራተኛ ፎቅ የሚወጡት በቃሬዛ ነው።»

ባለምርኩዙ ደግሞ «ቀኝ ጎረቤቴን?» ብለው አገጫቸውን አሻሹ። «ለእሷ ምላሷ የሚያርፍበት አንድ ትርፍ ክፍል ይጨመርላት።»

«አባባ፣ ይሄን አልጽፍም።»

«ጻፊው እንጂ፣ ቴክኒክ ነው!»

ሳቃቸው ሲበርድ ግን ሴትዮዋ ልብስ ሰፊ እንደሆነች፣ ዓይኗ እየደከመ ስለሄደ መኪናዋን ከመስኮት ሥር ማራቅ እንደማትችል፣ በካርቶኑ ላይ ያለው ሰፊ መስኮት ደግሞ በወጥ ቤቱ በኩል እንደሆነ በዝርዝር ነገሯት። አርክቴክቷ ቀና ብላ አየቻቸው። እኒህ ሰው ካርቶኑን ያዩት ለሁለት ደቂቃ ብቻ ነበር።

እንዲህ እያሉ ለአንድ ሳምንት ዞሩ። ስለ ሻይ ጋሪ ማቆሚያ፣ ስለማይታጠፍ ቁም ሣጥን፣ አማቷን ማየት ስለማትፈልግ ምራት ተጻፈ። ስለ ሜዳው ያነሣ የለም። ቁጥር አሥራ ሰባት ጋ ሲደርሱ ባለደጋኑ በሩን አልፎ እየሄደ «ይቺን ለነገ እናቆያት» አለ። በማግስቱም እንዲሁ አለ። ረቡዕ ጠዋት አርክቴክቷ ወረቀቷን አገላብጣ «የቀረችን አሥራ ሰባት ብቻ ናት» አለችው።

አሥራ ሰባት ቁጥር የአጣቢዋ ቤት ናት። የሰው ልብስ አጥባ የምታድር፣ ከእሱ በሰባት ዓመት የምትበልጥ ሴት ናት። ሲደርሱ አንሶላ እየጨመቀች ነበር።

«እትዬ፣ እንግዲህ ጥያቄውን ሰምተሻል» አለ ባለደጋኑ፣ ዓይኑን ከአንሶላው ሳያነሣ። «ቀኝ ጎረቤትሽ በአዲሱ ቤት ምን ይቸግረዋል?»

አጣቢዋ አንሶላውን ገንዳው ውስጥ መለሰችው። «ቀኝ ጎረቤቴ አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ እዚህ ተገትረህ ምን ልበል? ጥሩ ነው፣ ኢንጂነር፣ ጥሩ ነው ብላለች ብለሽ ጻፊ።»

«እትዬ» አለች አርክቴክቷ፣ ሳቋን እየዋጠች፣ «እሳቸው እንደሌሉ አድርገው ይንገሩኝ።» ወደ ባለደጋኑ ዞር አለች። «ጋሼ፣ እስቲ ወደ ግድግዳው ይዙሩልኝ።»

ዞረ። ሁለቱን ቤቶች የሚለየው ያው ግድግዳ ነበር።

«እንግዲህ የለም ካላችሁ» አለች አጣቢዋ፣ «ጎረቤቴ ሜዳውን ካጣ አለቀለት። ካርቶኑን ሲያይ ተራዬን በር ላይ ስጠብቅ አይቼዋለሁ፤ በጣቱ ራሱን ሲፈልግ ነበር። አላገኘም። አላገኘሁም ብሎ ግን አይነግርሽም። አርባ ቤት አዞረሽ አይደል? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እሱ ነው።»

ባለደጋኑ ከግድግዳው ጋር እንደተፋጠጠ ጆሮው ቀላ።

«ሌላስ?» አለች አርክቴክቷ።

አጣቢዋ እጇን በጉርዷ አደረቀች። «ሌላውን ባትጽፊው ይሻላል። ሌላው የእኔ ነው። ጥጡ እየበረረ እርጥብ ልብስ ላይ ይለጠፋል። አንዴ ከተለጠፈ ደግሞ ማጠብ ነው። እዚህ ሰፈር ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመት፣ እሱ በሚነድፍበት ቀን አጥቤ አላውቅም። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እጄን አጣጥፌ ነው የምውለው።»

ባለደጋኑ ዞረ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ጉሮሮህን ዝጋ ብዬ?»

ባለደጋኑ በሜዳው ዳር ወደተወጠረው የልብስ መስቀያ ገመዷ ተመለከተ። ማክሰኞ ማክሰኞ ገመዱ ባዶ ሆኖ ሲያየው፣ ይቺ ሴትዮ ዕረፍት ታውቃለች እያለ ነበር የኖረው።

አርክቴክቷ እስክሪብቶዋን አንሥታ ቆማለች። «ጋሼ፣ ልጻፈው?»

ጥያቄው ቀላል እንዳልሆነ ሦስቱም አውቀዋል። ብናኝ የሚል ቃል ኮሚቴው ፊት ከቀረበ፣ ሜዳው ከጥጥ ነጻ ይሁን ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ካልተጻፈ ደግሞ አጣቢዋ በአዲሱም ቤት ከሳምንቱ ግማሹን እጇን አጣጥፋ ልትውል ነው። ባለደጋኑ የሰውን ሁሉ ችግር ሳይጨምርና ሳይቀንስ ሲያጽፍ ሰንብቷል።

«ጻፊው» አለ። «ሁለቱንም።» ከዚያ ቀና ብሎ «ነፋሱ ከየት ነው የሚመጣው?» አለ።

«አሁን ነው የምትጠይቀው?» አለች አጣቢዋ። «እስከ ቀትር ከቦዩ ወደ መጋዘኑ። ከቀትር በኋላ ከመንገዱ በኩል በአግድም። ልብስ የሚሰቅል ሰው ይጠየቃል እንዴ ይሄ?»

አርክቴክቷ ፀሐይ በየትኛው ሰዓት የት እንደምትውል ለክታ ነበር። ነፋሱን ግን ከአየር ማረፊያው መዝገብ ነበር የወሰደችው።

ወደ ሜዳው ወጡ። ባለደጋኑ ከጆንያው እፍኝ ጥጥ ዘግኖ በደንብ አፍታታና ብጥስጥሱን ከአንድ ቦታ ለቀቀው። ሦስቱም አንገታቸውን አንጋጠው ተከተሉት። ጥጡ ተንሳፈፈ፣ ወረደ፣ እንደገና ተነሣ፣ በመጨረሻ የአጣቢዋ ገመድ ላይ ሄዶ ተለጠፈ። «ይኸው!» አለች፣ አሥራ አንድ ዓመት ምስክር ስትፈልግ እንደኖረች ሰው። ቦታ ቀይረው ለቀቁ። ከስድስት ቦታ ሞከሩ፤ አርክቴክቷ የወደቀበትን እየሮጠች በጠመኔ ታመለክታለች። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲዞር እንደገና ጀመሩ። ሁለቱም ነፋስ ጥጡን ገመዱ ላይ ሳያደርስ ግድግዳ ላይ የሚጥልበት ቦታ አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የመጋዘኑ ጥግ። በካርቶኑ ላይ ታንከሩ የተተከለበት።

አርክቴክቷ ጥጉን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ታንከሩን ካነሣሁ የሁለት ሕንጻ ቧንቧ እንደገና ልሠራ ነው። ዛሬ ደግሞ ረቡዕ ነው። ጋሼ፣ ከታንከሩ ጎን ሁለት ሜትር ባገኝልዎትስ?»

«ይበ...» አለ ባለደጋኑ። የልጅቷ ጫማ በአቧራ ነጥቷል፤ ፀጉሯ ላይ ጥጥ ተሰክቷል። አጣቢዋ ግን አተኩራ አየችው።

«አይበቃኝም» አለ። ድምፁ ካሰበው በላይ ጮኾ ነበር የወጣው። «ፍራሹ ራሱ ሁለት ሜትር ነው። ጥጡ ሲበተን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ደጋኑን የማወናጭፍበት ያስፈልገኛል። አራት በአምስት። ከዚያ ካነሰ ባትሰጪኝ ይሻላል።»

አርክቴክቷ አልተቆጣችም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር የነገራት ሰው እሱ ነበር። «አራት በአምስት» ብላ ጻፈችና «ጣሪያ ይፈልጋሉ?» ብላ ጠየቀችው።

«ጣሪያ አልፈልግም፣ ፀሐዩን ይከለክለኛል። ግድግዳ ግን በሁለት በኩል።»

ዓርብ ኮሚቴው ተቀመጠ። የሻይ ጋሪውን ማቆሚያ «ወደፊት ይታያል» ብሎ አለፈው። የባለምርኩዙን ምድር ቤት፣ የዘበኛውን መኝታ ቤትና የልብስ ሰፊዋን መስኮት ተቀበለ። ታንከሩ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ፤ አንድ የስፖንጅ ዛፍም አብሮ ተነቀለ። በመጋዘኑ ጥግ አራት በአምስት የሆነ ሣጥን ተሠምሮ በውስጡ «ጥጥ» ተብሎ ተጻፈ።

ግንባታው እስኪጀመር ገና ወራት ቀርተውት ነበር። ባለደጋኑ ግን ማክሰኞ ጠዋት ጆንያውንና ደጋኑን ተሸክሞ ወደ መጋዘኑ ጥግ ተዛወረ። አጣቢዋም ገንዳዋን አውጥታ አራት አንሶላ ሰቀለች። እስከ ቀትር እሱ ነደፈ፣ እሷ ጠበቀች። ከዚያ ተነሥታ አንሶላዎቹን አንድ በአንድ በመዳፏ ዳሰሰች፣ አራተኛው ላይ ቆመች፣ በሁለት ጣቶቿ አንድ ነገር ለቅማ ይዛለት መጣች።

«ይኸውልህ።»

«አንዲት ናት እኮ!»

«አንድም ብትሆን ጥጥ ናት። ሁለት እርምጃ ወደዚያ።»

ባለደጋኑ እያጉረመረመ ጆንያውን መጎተት ጀመረ።