የሚያንኮራፋው ፓወር ሰፕላይ

ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ አንድ ሽማግሌ፣ በገዛ እጃቸው ለሚገጣጥሙት ኮምፒውተር ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍል ፓወር ሰፕላይ ሊመርጡ ወደ አንድ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ገቡ። የእያንዳንዱን ዕቃ ዋት በእርሳስ ደምረው ይዘዋል፤ አንድም ስህተት የለበትም። እንዲህ ያለ ገዢ የናፈቀው ሻጭ ምርጡን አውጥቶ አስነሣላቸው።

«ማቀዝቀዣ ፋኑ ጭራሽ አይሰማም፣ አባባ።»

ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡና ዕቃውን መለሱለት። ከታችኛው መደርደሪያ አቧራ የለበሰ ሌላ አሳዩት፤ ዋቱ ያው ነው። ሻጩ አረንጓዴውንና ጥቁሩን ገመድ በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ ሲያስነሣው፣ ፋኑ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ማንኮራፋት ጀመረ።

«ኧረ ይሄ ቤተሰብ ይረብሻል!»

«ማንን?» አሉ ሽማግሌው፣ ፈገግ ብለው። «ይሄን ጠቅልልልኝ ልጄ። ሳላጠፋው ወጥቼ ስመለስ፣ ገና በሩን ሳልከፍት ቤት ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኛል።»