ገመድ መሬት አይተኛም

በምሠራበት የሬዲዮ ጣቢያ ጓሮ በኩል አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። መስኮቷ ወደ ጭላሎ ያያል፤ በክረምት ግን ተራራው ጉም ውስጥ ስለሚገባ የሚታየው ነጭ ነገር ብቻ ነው። የጣቢያው አሮጌ ሰርቨር የነበረው እዚያ ነው። ቀለሙ የወየበ፣ ዩኒክስ በሚባለው የቆየ ሥርዓት የሚሠራ፣ ቀኑን ሙሉ እንደ ሩቅ ወፍጮ የሚያጉረመርም ማሽን ነበር። ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ የቀዳነው ድምፅ ሁሉ እሱ ላይ ነው፤ በአየር የተላለፈውም፣ ሳይቆረጥ የተቀመጠው ጥሬ ቅጂም።

ባለፈው ክረምት ሰርቨሩ እንዲወገድ ተወሰነ። የምከራከርበት ነጥብ አልነበረኝም። አርጅቷል፤ መለዋወጫ አይገኝለትም፤ በዚያ ላይ በየጊዜው ሃንግ ያደርጋል። መብራት አለ፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ የራሱን ኪቦርድ ሲነኩት ይመልሳል፤ በኔትወርክ ሲጠሩት ግን ዝም። አጥፍተው ሲያስነሱት ይመለስና ደግሞ ይደርቃል። የተላለፉት ፕሮግራሞች ሌላም ቦታ ስላሉ አላሳሰቡኝም። ጥሬ ቅጂዎቹ ግን ሌላ ቦታ የሉም። ሳምንቱ ሳያልቅ ካልተገለበጡ ከማሽኑ ጋር አብረው ይጠፋሉ።

ከእነሱ ውስጥ እኔ የምፈልገው የአንድ ሰው ድምፅ ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝ አዛውንት አዘጋጅ ካረፉ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል። እሳቸው ማይክ ሲሞክሩ እንደ ሌላው ሰው «አንድ፣ ሁለት» አይሉም ነበር። ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉትን ከተሞች በተርታ ይጠራሉ፦ «ኢተያ፣ አሰላ፣ ሳጉሬ፣ በቆጂ።» ድምፁ ካልጣማቸው ከበቆጂ ተነሥተው ወደ ኢተያ ይመለሳሉ። ዝግጅቱ ለአየር ሲሰናዳ መጀመሪያ የሚቆረጠው ይህ ነው። በተላለፉት ፕሮግራሞች ውስጥ ያሉት የጣቢያው አዘጋጅ ናቸው፤ አነጋገራቸው የተለካ፣ ሰዓታቸው የተጠበቀ። የናፈቁኝ ከዚያ በፊት ያሉት ሰው ናቸው፤ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉት፣ ገበሬውን በኦሮምኛ ስለ ገብሱ ጠይቀው መልሱን ሳይጨርስ የሚስቁት።

ቅጂውን የምትገለብጥ ቴክኒሻን ከአዳማ መጣች። ወጣት ናት፤ ብርዱ አስደንግጧት ጃኬቷን ሳታወልቅ ነበር የምትሠራው። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መገልበጡ ይጀምራል፣ ይሄዳል፣ መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ገመዱን ቀየረች። ሰርቨሩን ከኔትወርኩ የሚያገናኘውን ካርድ አውጥታ ሌላ ተካች። እንደገና ቀጥ አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ማሽን ጡረታ እየጠየቀ ነው» አለችኝ።

«መገልበጡ ከብዶት ነው?»

«ይመስለኛል።»

«ምንም ሳይገለበጥበትስ ደርቆ አያውቅም?»

«ያውቃል እንጂ። በፊትም ለዚህ ነው ሲጠሩን የነበረው።»

«እንግዲያው ከመገልበጡ አይደለም። መቼ መቼ ነው የሚደርቀው?»

ዞር ብላ አየችኝ። «ቃለ መጠይቅ ላይ ነኝ እንዴ?»

«ገና መቅጃውን አልከፈትኩትም።»

እሷ ስለማታውቅ የሚያውቅ ፍለጋ ወጣሁ። ጥበቃው ዝናቡ ነው አለኝ። የሂሳብ ሠራተኛው መብራቱ ነው አለ። ጸሐፊዋ ግን ቀና እንኳን ሳትል፣ «ወረዳዎቹ ሲመጡ ነዋ!» አለችኝ። «ጭቃውንም ብልሽቱንም ይዘው ነው የሚመጡት።»

ወረዳዎቹ የምትላቸው በየወረዳው ያሉትን ዘጋቢዎቻችንን ነው። ባሉበት ኢንተርኔቱ ደካማ ስለሆነ በገበያ ቀን ሰው በሚጫንበት መኪና ተሳፍረው ይመጡና ዘገባቸውን ከእኛ ዘንድ ያስገባሉ። ዕለቱ ደግሞ የገበያ ቀን ነበር። ወደ ጓሮዋ ክፍል አልተመለስኩም፤ ቴክኒሻኗ ማሽኑን አስነሥታ መገልበጡን እንድትቀጥል ነግሬ፣ በሮቹን ከፍቼ ዜና ክፍል ተቀመጥኩ። ወሬ ከምንጩ የሚመጣው አፍ ዘግቶ ለተቀመጠ ሰው ነው፤ ይህንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

የጎበሳውና የጢቾው ዘጋቢዎች ጎን ለጎን ሆነው ይጽፉ ነበር። መጀመሪያ የጨረሰው የጢቾው ነው። ላፕቶፑን ዘጋ። ገመዱን ከላፕቶፑ ነቀለ፣ ጫፉን በሻርፑ ጠረገ፣ ጎንበስ ብሎም ከጠረጴዛው ሥር ግድግዳው ላይ ባለው ባዶ የኔትወርክ ቀዳዳ ሰካው። ሌላኛው ጫፍ ቀድሞም አጠገቡ ባለው ቀዳዳ ተሰክቶ ነበር።

«ደረቀ! ደግሞ ደረቀ!» ስትል ተሰማኝ ቴክኒሻኗ ከጓሮ።

«እስቲ ንቀለው» አልኩት።

«ምኑን?»

«አሁን የሰካኸውን ጫፍ።»

ቀና ብሎ አየኝና የሟቹን ድምፅ አስመስሎ፣ «ልጆች፣ ገመድ መሬት አይተኛም!» አለ።

«አባ ገመድ ተነሡ!» ብሎ የጎበሳው ሳቀ። በሕይወት ሳሉ ከጀርባቸው የምንጠራቸው እንዲህ ነበር።

ደንቡ የእሳቸው ነው። የአርሲ ጭቃ ከጫማ ጋር ይገባል፤ ስለዚህ የዜና ክፍሉ ወለል በየማለዳው በውሃና በሳሙና ይታጠባል። መሬት ላይ ያደረ የገመድ ጫፍ ውሃ እየገባው ይበላሽ ነበር። ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ጫፉን በባዶው ቀዳዳ አስቀምጦ እንዲሄድ ያስለመዱን ለዚህ ነው። በዚያን ጊዜ ባዶው ቀዳዳ ከምንም ጋር አልተገናኘም፤ ለገመድ ጫፍ ማረፊያ ከመሆን ሌላ ጥቅም አልነበረውም። እሳቸው ካረፉ በኋላ ግን ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኝ አዲስ ስዊች ተገጠመና ቀዳዳዎቹ ሁሉ ሥራ ጀመሩ። ይህን የነገረን የለም። ብንሰማም እጃችን ልማዱን አይተውም ነበር። እኛ የቤቱ ሠራተኞች የምንሰካው ማታ ማሽኑ ከጠፋ በኋላ፣ የምንነቅለውም ጠዋት ሳይነሣ ስለሆነ፣ ጉዳቱ የሚታየው ወረዳዎቹ በቀን ሲሰኩ ብቻ ነው።

ቴክኒሻኗ መጥታ ከጠረጴዛው ሥር አየች። ቁጢጥ እንዳለች መሣቅ ጀመረች።

«ሁለቱም ጫፍ ግድግዳ ውስጥ! በአንዱ የወጣው መልእክት በሌላው ይመለሳል፣ ተመልሶ ይወጣል። እንደ ገደል ማሚቶ ነው፤ ግን አይከስምም፣ እየበዛ ነው የሚሄደው። አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ገመዱ ሲነቀል ይነቃሉ። የእርስዎ ሽማግሌ ሰርቨር ግን ጩኸቱ ካደነዘዘው አይመለስም።»

«አረጋግጪልኝ» አልኳት።

ገመዱ ተነቀለ፣ ማሽኑ ተነሣ፣ መገልበጡ ቀጠለ። የጢቾው ዘጋቢ በእሷ ትእዛዝ መልሶ ሰካው። ደረቀ። ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም።

«ሰውየውን በሌሉበት አስወቀስናቸው» አለ የጎበሳው ዘጋቢ፤ ገመዱንም በራሱ እጅ ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

በዚያ ቀን ግድግዳው ላይ ማንም ጫፍ አልሰካም። መገልበጡም አንዴም ሳይቆም ሄደ። ከሰዓት በኋላ ቴክኒሻኗ ማዳመጫውን ዘረጋችልኝ። «የትኛውን እንደሚፈልጉ ስለማላውቅ ከላይ ያለውን ከፈትኩት» አለች።

መጀመሪያ ንፋስ ብቻ ነበር። ወንበር ተጎተተ። ከዚያም፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ኢተያ፣ አሰላ፣ ሳጉሬ፣ በቆጂ።» አልጣማቸውም መሰል፣ ተመለሱ። «በቆጂ፣ ሳጉሬ፣ አሰላ…»

አንድ ገበሬ በኦሮምኛ፣ «ወዴት እየሄድን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«የትም» አሉት እየሳቁ። «ድምፄን ፍለጋ ነው።»

ማዳመጫውን ሳላወልቅ ብዙ ቆየሁ። ቴክኒሻኗ ጃኬቷን እስከ አገጯ ዘግታ ነጩን መስኮት ታይ ነበር።

ወደ ቤት ልሄድ ስል ላፕቶፔን ዘጋሁ። ገመዱን ነቀልኩ፣ ጫፉን በእጅጌዬ ጠረግኩ፣ ጎንበስ አልኩ። ጫፉ ቀዳዳው አፍ ላይ ሲደርስ እጄ ቆመ። ስንት ዓመት ያለ ሐሳብ ያደረግሁት ነገር ነው፤ ያን ያህል ከባድ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። ጫፉን መልሼ በጠረጴዛው እግር ላይ ጠመጠምኩና የማለዳው ውሃ እንዳይደርስበት ከፍ አድርጌ አሰርኩት።