ነጠላዬና የአባ ይማም ታንኳ

ወሬው የደረሰኝ መካነ ሰላም፣ ከክፍል ወጥቼ የጠመኔውን ብናኝ ከእጄ ሳራግፍ ነው። ከደሴ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር አጥሩ ሥር ቆሞ፣ «ሐይቅ ላይ ታንኳ ያዋሷችሁ አባ ይማም ሰጥመው ሞቱ» አለን። አብረውኝ የነበሩት ጮኹ። እኔ እጄን ማራገፌን ቀጠልኩ። የሆነውን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም። ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ ይህችን እየዘለልኩ ስቆርብ ኖርኩ።

አራት መምህራን ነበርን፤ ሰይድ፣ አየለች፣ ታደሰና እኔ። ለሥልጠና ደሴ ተጠርተን ቅዳሜን ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለን አደርን። አገሩ በድርቅ አልቆ፣ መንገዱን የራበው ሰው ሞልቶት፣ እኛ ልንዝናና ሄድን። ይህም ያሳፍረኛል። ግን የከበደኝ ሌላ ነው።

አባ ይማም ልጆቻቸውን የሚያበሉት ዓሣ አጥምደው ነበር። የደንገል ታንኳቸውን ሲሰጡን፣ «ልጆቼ፣ ስትጨርሱ ጎትታችሁ አውጡና እንድትደርቅ አቁሟት። ውሃ ስትጠጣ ካደረች ሰው አትሸከምም» አሉን።

ሰይድ ደረቱን መታ። «አያስቡ አንቱ፣ ወላሂ እኔ አለሁ!»

እሁድ መጨረሻ ላይ የቀዘፍኩት እኔ ነኝ። ሰይድ ድንኳኑን እየጠቀለለ፣ «ታንኳዋን ባንቺ ጥያታለሁ» አለኝ። ድንጋይ ላይ ዘልዬ ወረድኩ። እሷን ለመጎተት ግን ጭቃው ውስጥ መግባት ነበረብኝ። ነጠላዬን አየሁት። ማታ ደሴ ቤተ ክርስቲያን ልሳለምበት ያጠብኩት ነው። ታንኳዋን ከቁጥቋጦ ጋር አስሬ ተውኳት።

«አቆምሻት?» አለ ሰይድ ከመጣንበት መኪና ላይ።

«አቁሜያታለሁ!»

«እንዲህ ነጭ እንደሆንሽ? አየለች፣ እይልኝ! መላእክት ናቸው የጎተቱላት!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እንዴት ሳቅሁ?

ባለቤታቸው ኋላ ለሰይድ እንደነገሩት፣ አባ ይማም ሰኞ ጠዋት ታንኳዋ እንደከበደች አውቀዋል። ግን እኛ ይዘናት በቆየንበት ጊዜ ልጆቹ ሳይበሉ አድረው ነበር። እያወቁ ገቡ።

ለቅሶ የደረሰው ሰይድ ነው። ቃል የገባው እሱ ነበርና ሰው ሁሉ እሱን ወቀሰ። «ሳላያት መሄዴ ነው ጥፋቱ» ብሎ የባለቤታቸው እግር ላይ ወደቀ። የእኔን ስም አላነሳም። እኔስ? ጾምኩ፣ ሰገድኩ፣ ዝም አልኩ። የሰው ነፍስ በሰይድ ላይ ጥዬ ዝም አልኩ። ከዚያ አብዮቱ በተነን፤ እኔም ተሰድጄ ካርቱም አረጀሁ። ሰይድ ያንን ወቀሳ እንደተሸከመ ሞተ አሉ። ለነጠላዬ ሳስቼ ነው ልበል? ልጅ ነበርኩ ልበል? አልልም። ደክሞኛል።

አየለች፣ ታደሰ፣ በሕይወት ካላችሁ ወደ ሐይቅ ውረዱልኝ። የአባ ይማምን ልጆች ፈልጋችሁ፣ ታንኳዋን ውሃ ውስጥ ያሳደርኳት እኔ እንደሆንኩ ንገሯቸው። ይቅርታ ለምኑልኝ አልላችሁም። የሰይድን ስም ብቻ አጽዱልኝ።