የክፍላችን በር መቃን

መምህርነት የጀመርኩት ካዛንቺስ፣ በአንድ አሮጌ ቪላ ውስጥ በተከፈተ ትምህርት ቤት ነው። ፈተናም ደረጃም አልነበረውም። ጠዋት ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፣ መምህሯ ሻማ ትለኩሳለች፣ ለፀሐይ የሰላምታ መዝሙር ይዘመራል፣ ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ዝም ይላል።

በመጀመሪያው ቀን ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ አስቴር ክፍሉ በር ላይ ጫማዬን እንዳወልቅ ነገሩኝ። አወለቅኩ፣ መቃኑን ሳምኩና ገባሁ። መሳሜን እንኳ አላስተዋልኩትም። ያደግኩት ቂርቆስ ነው፤ ጫማዬን አውልቄ የምገባው ቤተ ክርስቲያን ነበር፣ እዚያ ደግሞ በሩን ሳይስሙ አይገባም።

ልጆቹ ግን አስተውለዋል። ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም መቃኑን እየሳሙ መግባት ጀመሩ፤ በሩ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። እኔ የትምህርት ቤቱ ልማድ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከዚያ የተማሪዬ የፈቲያ አባት ጋሽ ሱሩር መጡ። ላንቻ ሰፈር ሱቅ አላቸው።

«ቲቸር፣ ልጄ የሱቄን በር ትስማለች» አሉኝ።

«በር?»

«በር! ያውም ጫማዋን አውልቃ፣ ደንበኛ ፊት! ጎረቤቶቼ ‹ሱሩር፣ ሱቁን ማን ባረከልህ?› እያሉ ይስቁብኛል።»

ማስረዳት ስለምወድ ብዙ አስረዳሁ። ታግሠው ሰሙኝና አጠገቤ ወደ ቆሙት ወደ ወይዘሮ አስቴር ዞሩ።

«እኛም መስጊድ ስንገባ ጫማ እናወልቃለን፤ በር ግን አንስምም። እዚህ ሻማ አለ፣ መዝሙር አለ፣ ጫማ ይወልቃል፣ በር ይሳማል። በቃ ንገሩኝ፣ ይሄ ቤት ምንድን ነው?»

«ትምህርት ቤት ነዋ» አሉ ወይዘሮ አስቴር።

«ታዲያ ጫማው?»

«ወለሉ እንዳይቆሽሽ ነው።»

ግራ ገባኝ። እኔን ሲቀጥሩኝ «ጫማ የምናወልቀው የውጭውን ሐሳብ ውጭ ለመተው ነው» ብለውኝ ነበር።

ጋሽ ሱሩር እንደ ሄዱ ወይዘሮ አስቴር ቢሯቸው አስገቡኝ። «የሙከራ ጊዜሽ ገና አላለቀም። እዚህ ሃይማኖት ይሰበካል ከተባለ ትምህርት ቤቱ አለቀለት። ከእንግዲህ በሩን አትስሚ፤ ከደገምሽው አብረን አንሠራም።»

«እሺ። የፀሐይዋ መዝሙርስ ሃይማኖት አይደለም?»

«እሱ መንፈሳዊነት ነው።»

«ልዩነቱን ቢያስረዱኝ?»

ሰዓታቸውን አዩ። «ክፍል አለሽ» አሉኝ።

ቤት ደግሞ የበሩን ነገር የነገርኳት እናቴ ጓሮ ልብስ ሳጥብ ያን መዝሙር ሳንጎራጉር ሰማችኝ።

«ፀሐይን ነው እንደምን አደርሽ የምትያት?»

«እማዬ፣ ለልጆቹ ነው እኮ…»

«ለልጆች ከሆነማ የባሰ! መቃን መሳም ተከልክለሽ ለፀሐይ ትዘምሪያለሽ? ይሄ ሥራ ይቅርብሽ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ንስሐ አባታችን ፊት አቆመችኝ። እሳቸው ቢከለክሉኝ ሥራው እንደሚያበቃ አውቃለሁ። የምወደው ሥራ ነበር።

«እስቲ ዝማሬውን በዪልኝ» አሉ። እያፈርኩ አልኩላቸው።

«ከዚያ በኋላ ልጆቹ ዝም ይላሉ?»

«አዎ አባ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እኛ አዋቂውን ቅዳሴ ላይ ዝም ማሰኘት አቅቶናል» ብለው ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። ከዚያ ጠየቁኝ፦ «ስትዘምሪ ልብሽ ወዴት ነው?»

«አላውቅም አባ።»

«እንግዲያው እስክታውቂ አትዘምሪ። ሥራሽን ግን አትተዪ።»

ሰኞ ጠዋት መሳም በትምህርት ቤቱ፣ መዘመር በንስሐ አባቴ ተከልክሎብኝ ገባሁ። ጫማዬን አወለቅኩ፤ አንገቴ ወደ መቃኑ ዘንበል ሲል መለስኩት። ሻማውን ለኮስኩና አፌን ዘግቼ ቆምኩ። መዝሙሩን የማስጀምረው እኔ ስለሆንኩ ማንም አልጀመረም። ልጆቹ አፍ አፌን ያያሉ።

«ቲቸር» አለች ፈቲያ፣ «ከበሩ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?»

«አልተጣላንም።»

«ከፀሐይስ?»

ወይዘሮ አስቴር በሩ ላይ ቆመው እየሰሙ ነበር። እንደ ልማዴ ላስረዳ አሰብኩና ተውኩት።

«ቲቸር ገና አልገባትም፤ እያሰበች ነው» አልኩ።

«እሺ፣ እንጠብቅሻለን» አለች ፈቲያ። ልጆቹም ጠበቁኝ። ከዚያ በፊት ያን ያህል ዝም ብለው አያውቁም። ወይዘሮ አስቴር በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ሄዱ።

የሙከራ ጊዜዬ ሲያልቅ በሥራው ቀጠልኩ። መዝሙሩን ፈቲያ ማስጀመር ለመደች። እኔ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የሰፈሬን ቤተ ክርስቲያን በር ተሳልሜ አልፋለሁ። እናቴ ዛሬም «ያ የፀሐይ ቤት» ትለዋለች። ለአባ ጥያቄም ገና መልስ የለኝም።

አዲስ ለሚቀጠሩ መምህራን የምለው ይህን ነው። ልጆች ከምታስረዱት ይልቅ በር ላይ የምታደርጉትን ይማራሉ። ያልገባችሁን ነገር አልገባኝም በሏቸው፤ ይጠብቃሉ።