ሙሽራዋና ያለቀው ፍሬን

በጣልያን ጊዜ ከማንኩሳ ቡሬ የተዳርሁት በመኪና ነው። ሌላዋ ሙሽራ በበቅሎ ስትሄድ እኔ በመኪና! ሰው ይህን ሲሰማ «ታድለሽ!» ይለኛል። መታደሉን እኔ ልንገራችሁ።

መኪናዋ የባሌ የአጎቱ ነበረች። ሰውየው ለጣልያን የገባ ባላባት ነው፤ ስለ መግባቱ አንድ የጣልያን ሹም የሰለቸውን የቅንጦት መኪና ሸለመው። ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ፣ ወንበሯ ቆዳ። ወንድሞቹ ጫካ ገብተው ሲዋደቁ እሱ እሷን በኩታው ጫፍ ይወለውል ነበር።

ስለ መኪና የሚያውቀው ግን ስለ በቅሎ የሚያውቀውን ያህል ነው። ልትቆም ስትል ሲጢጥ ካለች «እልል እያለችልኝ ነው» ይላል። ከጎማዋ እንደ ተቃጠለ ቀንድ ያለ ሽታ ሲወጣ «የፈረንጅ ሽቶ ነው» ይላል። ሾፌሩ ጣልያን ጋራዥ የሠራ ጨዋ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ፈራ ተባ እያለ «ጌታዬ፣ ፍሬንዎ አልቋል» አለው። የመኪና ማቆሚያው ፍሬን እንደሚባል ባላባቱ ከየት ይወቅ? ልጅ አልወለደም፤ አገሩም በዚሁ ያማዋል። «ፍሬዎ አልቋል» ያለው መሰለውና በጥፊ አጮለው! ከዚያ ወዲያ ሾፌሩ ያችን ቃል ባፉ አላዞራትም፤ ፍሬኑም አልተጠገነ። ወሬው ማንኩሳ ድረስ መጥቶ ቤታችን በሳቅ ፈርሶ ነበር። በኔ ይደርሳል ብዬ መቼ አስቤ!

የሠርጌ ዕለት ባሌ ካጃቢዎቹ ጋር በበቅሎ ቀድሞ ሄደ። እኔን ፊቴን በካባ ሸፍነው ከኋላ በሁለት ሚዜዎች መካከል አስቀመጡኝ፤ ባላባቱ ከፊት፣ ከሾፌሩ ጎን ተሰየመ። ሙሽራ እንግዲህ አትናገርም። ቢርባትም፣ ቢጠማትም፣ ቢቆነጥጧትም ዝም ነው። እናቴ ስትሸኘኝ «ዋ! ድምፅሽ እንዳይሰማ» ብላኛለች።

በካባው ጠርዝ ሥር የሚታየኝ የሾፌሩ እግር ብቻ ነበር። መጀመሪያ ቀስ አድርጎ ይረግጣል፤ መኪናዋ ሲጢጥ ትላለች፤ ሚዜዎቹ «ሆ!» ይላሉ። ቆየት ብሎ ደጋግሞ ይረግጥ ጀመር። በኋላማ እግሩ እስከ ወለሉ ሰመጠ፤ ሲጢጥ ማለቷም ቀረ።

«ዛሬስ ተገራች!» አለ ባላባቱ ደስ ብሎት።

ከፊታችን አንዲት አቀበት ነበረች፤ ከሷ ወዲያ እስከ ወንዙ ድረስ ቁልቁለት ነው። አቀበቷን ስንጀምር ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «እንግዲህ ጌታዬ፣ ከዚህ ወዲያ የሚያቆመን እግዚአብሔር ብቻ ነው» አለ።

«አሜን!» አለ ባላባቱ።

«አሜን! አሜን!» አሉ ሚዜዎቹ።

እኔ የቅኔ መምህር ልጅ ነኝ። እነሱ ሰሙን ይዘው አሜን ሲሉ ወርቁ እኔ ላይ ወደቀ። በሕይወት አቁሞ የሚያኖረን ማለቱ መስሏቸዋል፤ ሰውየው ግን መኪናዋን የሚያቆማት ነገር የለም ማለቱ ነው! ፍሬኑ አልቋል እንዳልል፣ እንኳን ሙሽራ ሾፌሩም በጥፊ ተመልሷል። ዝም እንዳልል ወንዝ መግባታችን ነው። ሞት ፈራሁ፤ ገና ምኑን ኖሬ!

«ውኃ ሽንቴ መጣ!» ብዬ ጮህሁ።

ሚዜዎቹ ክው አሉ። አንደኛው አማተበ። «አውርዱኝ! አለዚያ እዚሁ ቆዳው ላይ ነው!» ስል ባላባቱ ለቆዳው ደንግጦ «አቁም!» አለ። አቀበት ላይ ስለ ነበርን ሾፌሩ ነዳጅ መርገጡን ሲተው መኪናዋ ራሷ ቆመች። እንዳትንሸራተት ሞተሩን አጥፍቶ ማርሽ አስገባና ከጎማዋ ሥር የሚወትፈው ድንጋይ ፍለጋ ሮጠ። ሚዜዎቹም እኔን ጋርደው አወረዱኝ።

ባላባቱ ግን «ለሴት ሽንት ከመኪናዬ አልወርድም» ብሎ ተኮፍሶ ቀረ። መኮፈሱ ሳያንስ ማርሹን እንደ መቋሚያ ሲደገፈው ማርሹ ወጣ። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። «ቁሚ! ኧረ አንቺ፣ ቁሚ!» እያለ ሲቆጣት ይዛው ወርዳ ከአቀበቷ ግርጌ ካለው ረግረግ ውስጥ ዘጭ አለች። ጭቃ ለብሶ ሲወጣ እኔን በጣቱ እያሳየ፣ «በሷ ጩኸት ደነበረችብኝ!» አለ።

ቡሬ በእግሬ ገባሁ። ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ «ሽንቷን የማትችለው ሙሽራ» ተብዬ ጠበቅሁ። አማቴ ለዓመታት እንግዳ በመጣ ቁጥር በኔ ታፍር ነበር። ሾፌሩ እውነቱን ለባሌ ነገረው፤ ባሌም ለእናቱ ነገራት። «ቢሆንስ? ሙሽራ አፍ አላት?» አለች።

እሷስ እውነቷን ነው። ዝም ብል ኖሮ ሬሳዬን ከወንዙ አውጥተው በክብር ይቀብሩኝ ነበር። አማቴም ደረቷን እየደቃች፣ «ወይኔ ጨዋዪቱ! ትንፍሽ ሳትል ሄደች!» እያለች ታለቅስልኝ ነበር።