መሻገሪያው ጋ የሚበራው መብራት

ቶሎ እናደዳለሁ፤ ለሰርቪስ ሹፌርነት የተፈጠርኩ ሰው አይደለሁም። እንዲያም ሆኖ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሠራተኛ እየጫንኩ፣ በአቃቂ አድርጌ ሳሪስ አቦ ድረስ ስመላለስ ዓመታት አልፈዋል። አንዱ ካልሲውን ሲፈልግ ከዘገየ ሁላችንም እንዘገያለን፣ ተሰዳቢው ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ ያቺ ሜዳማ መንገድ ላይ ስደርስ ነዳጁን እረግጠዋለሁ። ምልክቱ ሰማንያ ይላል። ይበል!

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የሰፈራችን እድር ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ። እዚያችው ሜዳማ መንገድ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ጋ ባለው መሻገሪያ የፍጥነት ወሰኑ ከሰማንያ ወደ ሃምሳ ይውረድልን የሚል ማመልከቻ ነው። ይዘውት የመጡት የእድሩ ጸሐፊ፣ ጎረቤቴ ናቸው።

"ፈርም እንጂ ልጄ" አሉኝ።

"እትዬ፣ በሃምሳ እየተንፏቀቅኩ ሰዎቼ ለምሳ ሰዓት ቢሮ ይግቡ?" ብዬ ቀለድኩ።

አልሳቁም። "አንተው ታውቃለህ" ብለው ወረቀቱን ለሌላ ጎረቤት ይዘው ሄዱ።

መብራቱን ያየሁት በዚያው ሳምንት ነው። ሰኔ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ መንገዱን ይውጠዋል። መሻገሪያው ጋ ልደርስ ስል ከፊት ለፊቴ ረጅም መብራት ሁለቴ ብልጭ አለ። ይህን የማያውቅ ሹፌር የለም። ከፊትህ የሚመጣ መኪና ሁለቴ ካበራልህ "ትራፊክ ቆሟል፣ ቀንስ" ማለቱ ነው። ቀነስኩ። ትራፊክ የሚባል የለም። እሱስ ምንም አይደል፣ ያበራልኝ መኪና ራሱ አልመጣም። አንድም ነገር በአጠገቤ አላለፈም።

በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀንም ሁለቴ ብልጭ፣ ከዚያ ዝም። እዚያች ቦታ ስንደርስ ተሳፋሪዎቼ ወሬያቸውን ማቋረጥ ጀመሩ። ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ "በስመ አብ" ብላ ታማትባለች፣ ጋቢና አጠገቤ የሚቀመጠው የስልጤ ልጅ በለሆሳስ "ቢስሚላሂ" ይላል።

"እዚህ እኮ ዓምና ተማሪ ሞታለች" አለኝ አንድ ቀን።

"በጠዋቱ አታሟርትብን!" ብዬ ጮኽኩበት። እውነቱን ለመናገር ግን ፈርቻለሁ።

በአምስተኛው ቀን ንዴቴ ፍርሃቴን በለጠው። ማን ነው የሚጫወትብኝ? ዛሬስ አልቀንስም አልኩ። መብራቱ ብልጭ አለ፤ ረገጥኩት። ወዲያው ከጭጋጉ ውስጥ ሰማያዊ ሹራብ ወጣ። ፍሬን ያዝኩ፤ መኪናው እርጥቡ ላይ ተንሸራተተ፣ ከኋላ ጩኸት ሆነ። ሲቆም ከፊቴ አንዲት ተማሪ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋ ታየኛለች። በመካከላችን አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ጓደኞቿ መጥተው እጇን ያዟትና ተሻገሩ።

ወረድኩና መብራቱ ወደበራበት ሄድኩ። ከአስፋልቱ ወጣ ብላ አንዲት አሮጌ ታክሲ አፍንጫዋን ወደኛ አዙራ ቆማለች። ውስጧ ጋቢ የደረቡ አንድ አዛውንት፣ እጃቸው መብራት ማብሪያው ላይ ነው።

"አባባ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?"

"እኔ ነኝ። ዛሬ ለምን አልቀነስክም?"

"ትራፊክ የለማ! ለምን ይዋሻሉ?" አልኩ።

"ልጆች እየተሻገሩ ነው ብዬ ባበራ የትኛችሁ ትቀንሱ ነበር?"

አፈርኩ። ስለ ማመልከቻው አነሳሁላቸው፤ ወሰኑ ሃምሳ እንዲሆን ተጠይቋል፣ እኔም ዛሬውኑ እፈርማለሁ አልኳቸው።

"ፈርም፣ እኔም ፈርሜያለሁ" አሉ። "ሃምሳ ቢሆን ጥሩ ነው። ግን ያን ቀንም እኮ ሰማንያ የሚል ምልክት ቆሞ ነበር። የሻርኩት እኔ ነኝ።"

"የቱን ቀን?"

"ዓምና። የልጅ ልጄን እዚህ መሻገሪያው ጋ አውርጃት መንገዴን ቀጠልኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ከፊቴ አንድ የጭነት መኪና መጣ። ሹፌሩ በመስኮት እጁን አውጥቶ ወዝወዝ አደረገልኝ፣ ትራፊክ አለ ወይ እያለኝ ነው። እኔም እንደ ደንባችን በእጄ፣ የለም፣ እለፍ አልኩት። አመሰገነኝና ረገጠው። እሷ ገና ተሻግራ አልጨረሰችም ነበር።"

ዓይናቸውን ለማየት አልደፈርኩም። ያን ዕለት ጠዋት ብቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ ስወጣ፣ እኔ ራሴ ሁለት ሹፌሮችን "የለም፣ እለፉ" ብያለሁ። ከኋላዬ ማን እየተሻገረ እንደነበር አላውቅም።